ዝምተኛው ሽማግሌ ያሸንፋል ያልኩ ጊዜ

ከዚህ በፊት ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሱቅ ውስጥ ያለቀ ዕቃ ዝርዝር ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ክፍል ልጆች፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ የተወለዱት፣ «እናንተ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምትሠሩ ንገሩን» ብለው ለመኑን። ሌሎቹ ተነሥተው ተናገሩ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ደብተር ገዛሁ።

ሥራ የጀመርኩት አይቮሪ ፓርክ፣ በጋሽ ማቴዎስ ስፓዛ ነው። ስፓዛ የምንለው በሰው ግቢ ውስጥ በብሎኬት የተሠራ የሰፈር ሱቅ ነው። ጋሽ ማቴዎስ የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ዱራሜ አስተማሪ ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ አቆሙኝና ሦስት ነገር አዘዙኝ። በሩ ሁልጊዜ ከውስጥ ይቆለፋል። ብሩን ሳትቀበይ ዕቃውን አታሳልፊ። ሰላምታ ሳትሰጪ «ምን ልስጥሽ» አትበይ።

«ሳውቦና በያቸው» አሉኝ። «ድምፅሽ እስኪሰማ ድረስ በይው።»

ድምፄ አልተሰማም። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ እዚህ አሮጊቶቹን ጎጎ እንላቸዋለን። ጆሮዋን ፍርግርጉ ላይ ለጥፋ ጠበቀች፣ ጠበቀችና ወደ ውስጥ ጮኸች። «ማይ ፍሬንድ! ይቺን ልጅህን እዚህ ከማቆምህ በፊት አብላት እንጂ!» ደንበኞች ሁላችንንም የሚጠሩን ማይ ፍሬንድ እያሉ ነው። ከውስጥ የሳቀው የሥራ ባልደረባዬ ታምራት ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ታምራት ነው። ስኳሩን ከትልቁ ከረጢት በትንንሽ ፌስታል መመዘን፣ ዳቦውን እንዳይፈረፈር አድርጎ ለሁለት መክፈል፣ ሲጋራ በነጠላ መሸጥ፣ ኤርታይም፣ ማለትም የስልክ ካርድ፣ ስትሸጪ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ። እኔ ከመምጣቴ ከሁለት ዓመት በፊት ዘራፊዎች ግራ ትከሻውን በጥይት መትተውታል። ስለዚህ የዱቄቱን ከረጢት የማነሣው እኔ ነበርኩ፤ እሱ መስኮቱ ላይ ይቆማል። ይህ ለዓይን አፋር ሰው ጥሩ የሥራ ክፍፍል ነው።

በዚያ ጥይት ምክንያት የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ወደ አሜሪካ እንዲሄድ ፋይል ከፍቶለት ነበር። ቃለ መጠይቁን አለፈ። «ትጠራለህ» ተባለ። አልተጠራም። ከአገር ሲወጣ ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁን የሚያውቃት በስልክ ብቻ ነው። አሜሪካ በሕጋዊ መንገድ ከገባ ሁለቱንም ሊወስዳቸው ይችላል። ዕቅዱ ይኸው ብቻ ነበር።

የኮሮና በሽታ የመጣ ዓመት፣ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ የኛ ሰዎች ወሬ ሁሉ የአሜሪካ ምርጫ ነበር። የስፓዛ ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተቆልፎበት ስለሚውል የሚጫወተው በስልክ ግሩፕ ነው፤ ድምፁን እየቀዳ ይልካል፣ መሐል ላይ ደንበኛ ይመጣበታል። አንዱ «ሴትዮዋ አትችልም የምልበት ምክንያት… ሳውቦና ማማ፣ ነጩን ዳቦ ነው ቡናማውን?… ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ዕቅዷ በዛ… የለም ማማ፣ ቡናማው አልቋል… ዕቅድ የሚያበዛ ሰው አይመረጥም» ብሎ ይልካል። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ። አንድም ቀን ልኬ አላውቅም።

ሥርዓቱን ያስረዱን ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። ተቃዋሚው ፓርቲ መጀመሪያ እርስ በርሱ ተወዳድሮ አንድ ሰው ያወጣል፤ ያ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይጋጠማል። የመጀመሪያው ውድድር በየክልሉ በተራ ነው።

«በየክልሉ ከሆነማ አለቀላቸው፣ ይፋጃሉ» አለ ደሳለኝ። ደሳለኝ ሶዌቶ ሱቅ ያለው የታምራት አብሮ አደግ ነው፤ ቀልድ ሳይጨምር አይናገርም።

«አይፋጁም። የተሸነፈው ይወጣና ደጋፊዎቹን ለሌላው ያስረክባል።»

«ጋሼ፣ ሰው ፍየል ነው እንዴ የሚያስረክቡት?»

የተወዳዳሪዎቹ ስም ስላስቸገረን ቅጽል አወጣንላቸው። ቁጡው ሽማግሌ፣ ዝምተኛው ሽማግሌ፣ ሴትዮዋ፣ ከንቲባው። በመጀመሪያዎቹ ክልሎች ቁጡው ሽማግሌ መራ፤ ወጣቱ ሁሉ ከእሱ ጋር ነበር። ዝምተኛው ወደ ኋላ ቀረ። ደሳለኝ «ለዝምተኛው ድንኳን ትከሉለት» አለ፤ ግሩፑ ሁሉ ሳቀ።

ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ታምራት ግን ሐኪም የሚናገር ይመስል ነበር የሚያዳምጣቸው። ፕሬዚዳንቱ የስደተኞችን በር አጥብቦት ነበር። የዚያኛው ፓርቲ ሰው ካሸነፈ በሩ ይከፈታል፣ ፋይሉም ይንቀሳቀሳል ብሎ ያምናል። ደሳለኝና ሁለት ጓደኞቹ ደግሞ መጠበቅ ሰልችቷቸው በብራዚል በኩል ወደ አሜሪካ ሊወጡ ተዘጋጅተዋል። እስከ ብራዚል በአውሮፕላን፣ ከዚያ አገር ለአገር፣ መሐል ላይ በእግር የሚታለፍ ጫካ አለ። አራተኛው ቦታ ለታምራት ተይዞለታል። መልሱን በሳምንት ውስጥ ይፈልጋሉ።

«ሊያሸንፍ የሚችል ሰው ካወጡ እጠብቃለሁ» ይል ነበር ታምራት። «ካላወጡ ከእናንተ ጋር ነኝ።»

አንድ ጠዋት ጋሽ ማቴዎስ ከመሐል ከተማ በባኪው፣ በኋላ ክፍቱ መኪናቸው፣ ዕቃ ይዘው መጡ። ደሳለኝም አብሯቸው ነበር። እያወረድን ክርክሩ ተነሣ። ጋሽ ማቴዎስ ቁጡው ያሸንፋል አሉ። ደሳለኝ ማንም አያሸንፍም አለ። ታምራት የዳቦ ሣጥን ይዞ ቆሟል። ፊቱን አየሁትና ለያዝኩት የዱቄት ከረጢት ተናገርኩ።

«ዝምተኛው ሽማግሌ ያሸንፋል።»

ሦስቱም ዞሩ። ጋሽ ማቴዎስ ሲጋራ ቢያጨሱ ኖሮ ከአፋቸው ይወድቅ ነበር። «ማን ነው የተናገረው?» አለ ደሳለኝ። «ዱቄቱ ነው?»

ምክንያት ነበረኝ፤ ግን ያን ያህል መናገር አልቻልኩም። አሁን ልጻፈው። በመንገዳችን ላይ አምስት ስፓዛ ነበረ። አንዱ ትልቅ ስፒከር አውጥቶ ሙዚቃ ያስጮሃል፣ ወጣቱ ሁሉ በሩ ላይ ይሰበሰባል፤ ቀዝቃዛ መጠጥ ይገዛል። የኛ ዝም ያለ ነው። ሁለት ትንንሽ ሱቆች ሲዘጉ ሁላችንም ደንበኞቻቸው ወደ ስፒከሩ ይሄዳሉ ብለን ነበር። ወደኛ መጡ። ጎጎዎቹ የወር ዱቄታቸውን የሚገዙት ለረጅም ጊዜ ካዩት ፊት ነው፤ ዕቃው ስላማራቸው ሳይሆን አዲስ ነገር ስላስፈራቸው። ሰው ፍየል ስላልሆነ ማንም አያስረክበውም። ሱቁ ሲዘጋበት ግን ወደ ለመደው ይሄዳል። የሰማሁት ሁሉ ትንንሾቹ ተወዳዳሪዎች ሊዘጉ እንደተቃረቡ ነበር። ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ከንቲባውና ሌላ አንዲት ተወዳዳሪ ወጥተው ዝምተኛውን ደገፉ። ወዲያው ብዙ ክልሎች በአንድ ቀን መረጡ። ውጤቱ ሲደርሰን ጠዋት ነበር፤ የዳቦው መኪና ገና መቆሙ ነው። ዝምተኛው ሽማግሌ አብዛኛውን ወስዷል።

ግሩፑ ተናወጠ። ደሳለኝ «ነቢይቱ! ነቢይቱን አቅርቡልኝ፣ የሎተሪ ቁጥር ልጠይቃት!» እያለ ላከ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ቀጥሎ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው «ዝምተኛ እህት ስትናገር ማድመጥ ነው» አለ፤ የሚስቅ ጠፋ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አንድ ቀን ተነሥታ ትናገራለች፤ ሰው ይንበረከካል። ዝምታዬን ከዚያ ወገን ቆጠሩት።

በዚያው ቀን ታምራት ስኳር ስመዝን መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ዘነቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእውነት ንገሪኝ። ታይቶሽ ነው?»

«አልታየኝም፣ ከደንበኞቻችን ገምቼ ነው» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፊቴ ጋለ፣ አቀረቀርኩ፣ ፌስታሉን ቋጠርኩ። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ መልስ ያገኘ ሰው አነቃነቅ ነበር። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊቴ ለደሳለኝ ደወለለት።

«እቀራለሁ፤ ቦታውን ለሌላ ስጡ» አለው።

ስልኩን እስኪዘጋ ጊዜ ነበረኝ። መስኮቱ ተንኳኳ። ሄጄ ግማሽ ዳቦና ሁለት ሻማ ሸጥኩ። ስመለስ ነገሩ አልቋል።

ደሳለኝና ጓደኞቹ በሳምንቱ ወጡ፤ በታምራት ቦታ ሌላ ሰው ገባ። ጥቂት ቆይቶ በሽታው እዚህ መድረሱ ተነገረ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ አገሩ ተዘጋ። ፈቃድ እስክናገኝ ለቀናት ሱቁ ተዘጋ። ከዚያ ሰልፈኛው እንዲራራቅ ባዶ የለስላሳ ሣጥኖች በመንገዱ ላይ ደረደርን። ሲጋራ መሸጥ ተከለከለ፤ ጎረምሶቹ ፍርግርጉ ላይ ተለጥፈው በሹክሹክታ ይለምኑኛል፣ «የለም» እላለሁ። በዚያ ወቅት «የለም» ማለትን ለመድኩ፤ ድምፄም ትንሽ ወጣ።

አንድ ቀን ታምራት ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ስልኩን ሰጠኝ። «ያቺ የታያት እህት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ። ባይቀር ኖሮ አሁን የት ወድቆ ነበር?» ይህ ሁለተኛው ዕድሌ ነበር። «አሜን» ብዬ ስልኩን መለስኩ።

በዓመቱ መጨረሻ ዝምተኛው ሽማግሌ ፕሬዚዳንቱንም አሸነፈ። ጋሽ ማቴዎስ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ በተኑ። በሩ ይከፈታል ተባለ። ታምራት ቢሮው ጋ ደወለ፣ ኢሜይል አጻፈ። የሚመጣው መልስ «ፋይልዎ በሂደት ላይ ነው» የሚል ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት መልሱ ያው ነበር። ስለ ሽማግሌዎቹ የገመትኩት ሁሉ ትክክል ሆኖ ለታምራት ምንም አልረባም።

ደሳለኝ ድንበር ተዘግቶበት አንድ አገር ላይ ወራት ተጉላላ፤ ከዓመት በላይ ቆይቶ አሜሪካ ገባ። ከዚያ ደወለልን፤ ያን ቀን አልቀለደም። ከአራቱ አንዱ ጫካው ውስጥ ቀርቷል። የቀረው በታምራት ቦታ የገባው አይደለም፣ ከደሳለኝ ሁለት ጓደኞች አንዱ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ታምራትን አዳንኩት ወይስ በደልኩት ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። አላውቅም።

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ታምራት ወደ ዱራሜ ለመመለስ ወሰነ። ፋይሉን አልዘጋውም፣ መጠበቁን ግን ተወው። መስኮቱን ለእኔ አስረከበኝ። ዛሬ ሱቁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ሁለት አዳዲስ ልጆች አሠለጥናለሁ። የማስተምራቸው ጋሽ ማቴዎስ ያሉኝን ሦስት ነገርና አንድ የራሴን ነው። ሰው ሊወስን ፈልጎ ሲጠይቅሽ፣ የምታውቂውን ከየት እንዳወቅሽው ጨምረሽ ንገሪው። ዝም ካልሽ እሱ የፈለገውን ይሞላበታል።

የሄደ ዕለት ጋሽ ማቴዎስ ሻንጣውን ባኪው ላይ ጭነው ሞተር አስነሥተዋል። ደንበኞች ሊሰናበቱት ከበውታል፤ ጎጎዎቹ ጉንጩን ይቆነጥጡታል። እስከ መኪናው በር ተከተልኩት። ማስኩ አፌን ስለሸፈነልኝ ይሆናል፣ ቃሉ ወጣልኝ።

«ታሜ፣ ያኔ የጠየቅከኝ… አልታየኝም ነበር።»

ቁጭ ብሎ በሩን ዘጋ፣ መስታወቱን አወረደ።

«አውቃለሁ ዘነቡ። ያኔም አውቅ ነበር። ጫካውን ፈርቼ ነው። ለሚስቴ ፈራሁ ከምላት፣ ለአንዲት እህት ታይቷታል ብላት ቀለለኝ።»