ለእንቅልፌ ሲባል

ባሌ ጊታር ተጫዋች ነው፤ እኔ የሌሊት ተረኛ ነርስ። እሱ የሚለማመደው ቀን፣ እኔም የምተኛው ቀን፣ ቤታችን ደግሞ አንድ ክፍል። እግዜር ሲያጋባን ሰዓታችንን ማየት ረስቶ ነው መሰለኝ።

አምፕሊፋየሩ የድሮ ነው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቫልቮች አሉት። የድምፅ ቁልፉ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሲከፈት ቫልቮቹ ይጨናነቁና ድምፁ ይሻክራል፣ ያጉረመርማል። ሁለተኛው ያ ድምፅ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚወጣ ይወስናል። ባሌ ለእኔ ሲል ዘዴ ፈጠረ፤ የመጀመሪያውን እስከ ጥግ ከፍቶ ሁለተኛውን በጣም ዝቅ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ጣቱ ክሩን ነካ ቢያደርገው እንኳ ድምፁ ሞልቶ ይወጣል፣ ግን በሹክሹክታ። እኔም እተኛለሁ። ዓመታት በዚሁ አለፉ።

ባለፈው ወር ቋሚ ደመወዝ የሚከፍል ባንድ ለፈተና ጠራው። ከተረኛነት ወጥቼ፣ ዓይኔ በርበሬ መስሎ አብሬው ሄድኩ። ሰፊው አዳራሽ ውስጥ ሁለተኛውን ቁልፍ ከፍ አደረገው። ቤት ውስጥ የሚጥመው ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ጥዝዝ አለ።

የባንዱ መሪ ፊቱን አጨማደደ። "ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ቀንሰውና እስቲ እጅህን እንስማው።"

ቀነሰው። ድምፁ ጠራ፤ ጉዱም ያኔ ወጣ። የእጁን ድካም ይሸፍንለት የነበረው ሻካራ ድምፅ ሲነሳ፣ አንዱ ምት ይሰማል፣ አንዱ አይሰማም። ጠንከር አድርጎ ሊመታ ሲሞክር ክሩን ሳተው። ቀስ ማለት የለመደ እጅ ነው፣ ምን ያድርግ። መሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ "እንደዋወላለን" አለው። ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

ቤት እንደገባን "የመጀመሪያውን ቀንሰህ ሁለተኛውን ክፈተው" አልኩት።

"ተኚ እንጂ፣ ማታ ተረኛ ነሽ።"

"ክፈተው አልኩህ።"

ከፈተው። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እኔ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጭኜ፣ ምነው ቶሎ በደከመው እያልኩ እጸልያለሁ። እወደዋለሁ፤ እንቅልፌንም እፈልጋለሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

አንዱን ዘፈን እንኳ ሳይጨርስ አጠፋው። መጥቶ ብርድ ልብሱን አለበሰኝ። ለምን ታጠፋዋለህ ልለው አፌን ስከፍት እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።