የዋንዛው ቀይ ቀለም

ያን ቀን ጭጋጉ እስከ ረፋድ ድረስ አልተነሣም። ጎረቤት ከጎረቤቱ በድምፅ ብቻ ነበር የሚተዋወቀው። ካሳነሽም መጥረቢያው ሲያስተጋባ ሰማች እንጂ ከየት በኩል እንደሆነ አላየችም። ወንድሟ ምንይችል ለከሰል የተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ለነጋዴ መሸጡን ስለምታውቅ አልደነገጠችም። እንደ ሌላው ቀን ጨርቋን ይዛ ካሜራውን ልትወለውል ወጣች።

ካሜራው ማሳው ጫፍ ላይ በተተከለ እንጨት ታስሮ ሦስት ዋንዛዎችን ፊት ለፊት ያያል። ከእንጅባራ የመጣችው የደን አጥኚ ትዕግስት ናት ያሰረችው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በራሱ ፎቶ ያነሣል፤ ዋንዛው መቼ ቅጠሉን እንደሚያራግፍ፣ መቼ እንደሚያቆጠቁጥ፣ መቼ እንደሚያብብ ከዓመት ዓመት ለማወቅ። የካሳነሽ ሥራ የመስተዋቱን ጤዛ መጥረግና ከብት እንዳይታከከው መጠበቅ ነው። ዛፎቹ ፎቶው ላይ እንዲለዩ ትዕግስት ግንዳቸውን በቀይ ቀለም ስትቀባ፣ ቆርቆሮውን የያዘችላት እሷ ነበረች። ከሰል ነጋዴ የገዛው ዛፍ ላይ በቀይ ምልክት እንደሚያደርግ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ያኔ ግን ዲከረንሱ ገና ለጋ ስለነበር የአንዳቸውም ሐሳብ ላይ አልመጣም።

መሬቱ የምንይችል ነው፤ ዋንዛዎቹ ግን የካሳነሽ ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ምንይችልን ያሳደገችው እሷ ናት። አባታቸው መሬቱን ለወንዱ ሲሰጡ፣ «ዋንዛዎቹ ያንቺ ይሁኑ» ብለዋታል። ወረቀት የለም። ከሰሙት ሰዎች በሕይወት ያለው ምንይችል ብቻ ነው።

ካሜራው ዘንድ ሳትደርስ አንድ ነገር ተገንድሶ መሬቱን አንቀጠቀጠው። ቀጭኑ ዲከረንስ እንዲህ አይወድቅም። በአገውኛ እየጮኸች ሮጠች። አንደኛው ዋንዛ ተጋድሟል። የቆራጮቹ አለቃ አዝመራው ሁለተኛው ላይ መጥረቢያውን አንሥቷል።

«በሕግ አምላክ!»

መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። በሕግ አምላክ ተብሎ ማን ደፍሮ ያልፋል?

«ምን አጠፋን፣ እማማ?»

«ዋንዛው አልተሸጠም!»

«ቀይ አለበት እኮ። ቀይ ያለበትን ሁሉ ጣሉ ነው የተባልነው።»

«እሱ የካሜራው ቀለም ነው።»

ቆራጮቹ ሳቁ። «ካሜራም ከሰል ማክሰል ጀመረ?» አለ አንዱ።

«ሳቅ አንተ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።» ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ቆመች።

«እንግዲያው ባለመሬቱ ይጠራ» አለ አዝመራው። መጥረቢያውን ግን ከእጁ አላስቀመጠም። «ተሸጧል ካለ እርስዎ ከዚህ ይነሣሉ።»

«እነሣለሁ» አለች። ባለፈው ክረምት ግን ስለ ዛፎቹ ስታነሣበት ምንይችል፣ «የቱ ዋንዛ?» ብሎ ክዷት ነበር።

ምንይችል ከጭጋጉ ውስጥ ሲወጣ ቀድሞ ያየው የወደቀውን ግንድ ነው። ወፍራም ነው፤ ብዙ ጣውላ ይወጣዋል። ዐይኑ ከሥር እስከ ጫፍ ሲለካው ካሳነሽ ታየዋለች። አልለመነችውም። ስንቱን ለምና ትዘልቀዋለች?

«ተሸጧል አልተሸጠም፣ ወንድሜ? ቀኑ ሄደብን» አለ አዝመራው።

ምንይችል የግንዱን ቅርፊት በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። ከቆራጮቹ አንዱ አሳለ። ካሳነሽ ቀለሙ ቀሚሷ ላይ የሚታተም ይመስል የቆመውን ግንድ ተጣበቀችው።

«አባባ ለእሷ ነው የሰጧት» አለ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳያይ። «ሦስቱንም።»

«የወደቀውስ?»

«ቤቷ አድርሱላት።»

ምንይችል ወደ ጭጋጉ ተመለሰ።

ቀይ ቀለሙን ካሳነሽ በዚያው ቀን በማጭድ ፋቀችው። ትዕግስትም ስትመጣ በቀለሙ ምትክ ለሁለቱ ዛፎች ነጭ ጨርቅ አሰረችላቸው። ካሳነሽ ዛሬም እዚያው ናት፤ ጠዋት ጠዋት በሁለት ዋንዛና በአንድ ጉቶ ፊት ቆማ የካሜራውን መስተዋት ትወለውላለች።