የያለምወርቅ ቀለም

የብርጓልን ባንዳ ያላችሁ ሁሉ አፋችሁን ሰብስቡ! ጎረቤቷ ነበርኩ፤ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛ ዲማ ስንኖር ለልጁ ቀሚስ የሚያሠራ ሁሉ ለሸማኔው ጥለቱን ከመንገሩ በፊት ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ልጅቱን ደጅ አውጥታ ብርሃን ላይ ታቆማታለች። ከዚያ ባለቀለሙን ክር ተራ በተራ አገጯ ሥር ታስጠጋለች። «ክሩን አይደለም የማየው፣ ፊቷን ነው» ትል ነበር። አንዱ ቀለም ፊት ያጠወልጋል፣ ሌላው ዓይን ያበራል። የእኔ ተራ ሲደርስ ብጫውን ገና ስታስጠጋው መልሳ ወረወረችው። ተናደድኩ፤ ብጫ እኮ ነፍሴ ነው! ሐምራዊውን አድርጋ በገበቴ ውሃ ፊቴን ስታሳየኝ ግን ምን ልበል?

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከተቀመጠ በኋላ ወንድሟ እንዳላማው ለአርበኞች ስንቅ ሲያቀብል ተያዘ። ሊሰቀል ነው ተባለ። አባት እናት የላቸውም፤ ያሳደገችው እሷ ናት። እግሯ እስኪላጥ ወህኒ ቤቱ ደጅ ተመላለሰች፤ ማን ሰምቷት!

አንድ ቀን ለጣሊያን ያደረው የአገሩ ሹም ሚስት፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ አስጠራቻት። «በጣሊያኖቹ ድግስ ላይ የምለብሰውን ምረጪልኝ። ካማረብኝ ወንድምሽን አስፈታልሻለሁ» አለቻት።

ሴትዮዋ ቀይ ናት፤ ልቧም ቀይ ጥለት ላይ ነው። የብርጓል ክሩን አስጠግታ አየችና፣ «እመቤቴ፣ ይሄ ትኩሳት የያዘዎት ያስመስላል። አረንጓዴውን ያድርጉ» አለቻት። አደረገችው፤ አማረባት። እንዳላማው ተፈታ።

መንደሩስ ምን አለ? «የባንዳ ሚስት አስጌጠች!» አለ። ወለላ የምትባለው ጎረቤታችን ደጇ ድረስ መጥታ ምራቋን ተፋች። «ሬሳ የሚያስመስላትን አትሰጫትም ነበር?» አለቻት። ወይ ጉድ! ገመዱ የሚጠብቀው የአንቺ ወንድም ቢሆንስ? ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ራሱ እንዳላማው ነው። ከእጇ እህል ሳይቀምስ ጫካ ገባ። ስንት ቀን አለቀሰች!

ጠላት ሲወጣ እንዳላማው ጎፈሬውን አበጥሮ ተመለሰና የወለላን ልጅ ሥራነሽን አጨ። ወለላ ሆዬ የሙሽራ ቀሚስ ልታሠራ ልጇን ይዛ የት መጣች? እዚያው የተፋችበት ደጅ! እንዳላማውም ተከትሎ መጥቶ ፊቱን አጥቁሮ ቆመ። እኔ ብሆን ሁለቱንም አባርር ነበር። የብርጓል ግን ክሯን አወጣች።

ሥራነሽ ቀይ ልጅ ናት። አረንጓዴው አገጯ ሥር ሲደርስ ፊቷ ፈካ።

«ይሄማ የያለምወርቅ ቀለም ነው!» አለ እንዳላማው። «የባንዳ ቀለም እኔ ቤት አይገባም!»

የብርጓል ክሩን ከልጅቱ አገጭ ሥር ሳታነሣ ቀና ብላ አየችው።

«አንተን ከገመድ ያስጣለህም ይሄው ቀለም ነው» አለችው።

ሥራነሽ በዚያው በአረንጓዴ ጥለት ተዳረች።