በፍልሰታ የበላሁት ዓሣ

ከፍልሰታ ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ጫሞ ሐይቅ ዳር ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ የተናገርኩት ግማሹን ነው፤ ያውም ቀላሉን ግማሽ። ሙሉውን መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። እንድታዝኑልኝ ብዬ ግን አይደለም።

አሥር ዓመቴ ነበር። አሥር ዓመት ምን ያውቃል የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ እንወርድ ነበር፤ ሲቀላ ሠፈር ወዳለው የአያቴ ቤት። አያቴን ሁላችንም እማማ ነው የምንላት። ባሏ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ከጎጃም ሲመጣ አብራው መጥታ እዚያው የቀረች ጾመኛ ሴት ነበረች። አንድ ወንድ ልጇ፣ አጎቴ ጋሼ ታምራት፣ የጨንቻ ልጅ አገባ። ሚስቱ እትዬ አስቴር አስተማሪ ናት፤ ፕሮቴስታንት ናት። እማማ ሠርጋቸው ላይ አልተገኘችም። ለዓመታት ቤታቸው ውኃ አልጠጣችም።

በዚያ ክረምት ግን እማማ መለስ ማለት ጀምራ ነበር። ሐይቅ ዳር አብረን እንዋል የሚለው ሐሳብ የእትዬ አስቴር ነው። ለእማማ የጾም ወጥ የሠራችው ሥጋ ነክቶት በማያውቅ አዲስ ድስት ነበር፤ ድስቱን ከነወረቀቱ አምጥታ እማማ ፊት ነው የከፈተችው። እማማም በላች። በላችና «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። እትዬ አስቴር ፊቷን አዙራ ዓይኗን በመዳፏ ስትጠርግ አይቻለሁ። አይቻለሁ፤ ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

እኔ ለክፍል ጓደኞቼ ባሕር ልዋኝ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ጋሼ ታምራት ከውኃው ራቅ አድርጎ ድንጋይ ደረደረና «ከዚህ እንዳታልፉ፤ አዞ ፍልሰታን አይጾምም» አለን። እናቴ ሳቀች፣ እማማ እንኳ ሳቀች። እኔ አኮረፍኩ። የአጎቴ ልጅ ቤቴል አሸዋ ላይ ስትሮጥ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። በማግስቱ እሑድ ልቆርብ ስለሆነ ተጠንቀቂ ተብያለሁ። ነጠላውን ለዚያ ቁርባን ብለው በእጃቸው የሸመኑልኝ የእትዬ አስቴር አባት ናቸው፤ ጨንቻ ሆነው ላላዩት ልጅ፣ የእነርሱ ላልሆነ ቤተ ክርስቲያን።

ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዘው መጡ። እትዬ አስቴር ለባሏና ለልጇ የምትጠብሰው ከእኛ ርቃ፣ ከመኪናው ኋላ ነበር፤ ሽታው እማማ ጋ እንዳይደርስ ነፋሱን ለክታ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ አልችልም ነበር፣ ዛሬም ይከብደኛል። ዝም ብዬ ሳይ ቤቴል ጣቷን እየላሰች «አንቺ ጾመኛ፣ ሽታው ይበቃሻል» አለችኝ። እናቷ ተቆጣቻት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ይህን አለችኝ፦

«አንቺማ ነገ ትቆርቢያለሽ፤ አይሆንም የኔ ቆንጆ። ጾሙ ሲፈታ መጀመሪያ የምጠብሰው ላንቺ ነው።»

ልብ በሉ። በዚያ ቀን ሐይቁ ዳር ጾሜን የጠበቀችልኝ እርሷ ነበረች።

ለጋሼ ታምራት የቀረውን አንድ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ሸፍና ቤቴልን እጅ ልታስታጥብ ሄደች። እኔ ቅጠሉን ገለጥኩ። እኔ ዓሣውን አነሣሁ፣ ከጎኑ ባለው በሚያቃጥለው የቃሪያ ማጥቀሻ፣ በዳጣው ውስጥ ነከርኩ፣ ከመኪናው ጎማ ኋላ ቁጢጥ ብዬ በላሁ። ማንም አልሰጠኝም። ማንም ብዪ አላለኝም። ተቻኩዬ ስውጥ አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ።

ሳልኩ፤ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። መጀመሪያ የደረሰችልኝ እትዬ አስቴር ናት። ሙዝ ልጣ «ሳታኝኪ ዋጪው» እያለች አጎረሰችኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ በሦስተኛው አጥንቱ ወረደ። በዳጣና በዘይት የተበላሸውን አፌን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገች። ቀና ስንል እማማ ከላያችን ቆማለች።

«ማነው የሰጠሽ?» አለችኝ።

ጥያቄውን ታያላችሁ? በላሽ ወይ አላለችም፤ ለምን አላለችም። ማን ሰጠሽ ነው ያለችው። መልሱን ራሷ አዘጋጅታ፣ በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። እኔም ገባሁበት። ጣቴን ዘረጋሁ። የዘረጋሁት በዚያች ደቂቃ ጉሮሮዬን ወዳዳነች ሴት ነው።

«እትዬ አስቴር ናት» አልኩ።

«እኔ አልሰጠኋትም፣ እማማ» አለች እትዬ አስቴር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላ።

«ልጄን ወሰደች፣ አልበቃትም» አለች እማማ ወደ እናቴ ዞራ፤ «አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን።»

ያ ብቻ ነው የተባለው። ሐይቁ ዳር ከዚያ በኋላ ማንም የጠየቀ የለም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንዲት ትልቅ ሰው፣ አርባ ልጆች የሚያምኗት አስተማሪ፣ አልሰጠሁም አለች፤ አፏ ዳጣ የተቀባ ልጅ ሰጠችኝ አለች፤ የታመነችው ልጅቱ ናት። ለምን? ውሸቱ የተመቸ ስለነበረ ነው። እማማ ለዓመታት ስትፈራው የኖረችውን ነገር እኔ በሦስት ቃል አረጋገጥኩላት። እናቴ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች። ጋሼ ታምራት፣ ሚስቱን የሚያውቃት ሰው፣ የደረደራቸውን ድንጋዮች በእግሩ መበተን ያዘ። ተቆጥቼባቸዋለሁ፤ ዛሬም እቆጣለሁ። ነገር ግን በምን አፌ? እነርሱ የተሸከሙት የእኔን ውሸት ነው።

ያ አዲስ ድስት ከሐይቁ አልተመለሰም። እማማ እንዳይጫን ከለከለች፤ እዚያው አሸዋው ላይ ቀረ።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እማማ እትዬ አስቴር ቤት ዳግመኛ አልገባችም። ለመስቀል መገናኘት ቀረ። ጋሼ ታምራት ወደ ጨንቻ ተዛወረ። እኔና ቤቴል ሳንገናኝ አደግን። እኔ ግን ተጠቀምኩ፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማማ ልዩ ልጅ ሆንኩ፤ ሊወስዷት ሲሉ የተረፈች ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሃይማኖታቸው ስለተደባለቀ ቤተሰቦች ጥናት ጻፍኩ፤ ስለ መቻቻል፣ ስለ መከባበር። መምህሬ አመሰገነኝ። ያን ምስጋና ስቀበል አላፈርኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ለንስሐ አባቴ አድጌ የነገርኳቸው ዓሣውን ነው። በጾም ዓሣ በልቻለሁ አልኳቸው፤ ስግደት አዘዙልኝ፤ ሰገድኩ። ዓሣው ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሰው በልቻለሁ ብዬ ግን አልተናገርኩም።

እማማ ባለፈው ዓመት አረፈች። ከማረፏ በፊት «አስቴርን ይቅር ብያታለሁ በሏት» አለች። አልጋዋን የከበቡት ሁሉ አለቀሱ፤ ምን ያለች ደግ ሴት እያሉ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዲት ዘመዳችን ቃሉን ሰው ሁሉ እየሰማ ለእትዬ አስቴር ነገረቻት። እትዬ አስቴር ፀጉሯ ሸብቷል። ባልሠራችው ጥፋት ምሕረት ሲደረግላት ራሷን ዝቅ አድርጋ «እሺ» አለች። ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር።

ይህን የሚያነቡ ዘመዶቼ ያውቁኛል። እንዲያውቁኝ ነው የጻፍኩት። እትዬ አስቴር የእማማን ይቅርታ ስትቀበል ያያችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብን እኛ ነበርን፤ ከሁሉ በፊት እኔ። ቢሆንም እትዬ አስቴርን ይቅር በዪኝ አልላትም። ሳልጨርስ ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። በዚያ ፍጥነት መገላገል አይገባኝም።

ሐይቅ ዳር ፈርተሽ ነው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ ቅዳሜ ፈርቼ ነበር። አሁን እሑድን ስሙ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። እትዬ አስቴር ብቻዋን ቆማለች፤ ትናንት እርሷ ዘንድ የቀረው ያ የተበላሸ ነጠላዬ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ በእጇ ነው። ዘረጋችልኝ።

«ፈርተሽ ነው፤ አውቃለሁ» አለችኝ። «ግቢና ለእማማ አንድ ቃል ንገሪያት። እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። እንድትመታሽ አልፈቅድም።»

ነጠላውን ተቀበልኩ። ገና ይሞቅ ነበር። እማማ ከውስጥ «ማነው?» አለች።

«ማንም» አልኩና በሩን ቀረቀርኩት።

ከዚያ እኔው በጓሮ እንሂድ ብዬ፣ በጓሮ በር ወጥተን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እማማ የሆነውን ለቄሱ ነገረቻቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ወደሽ ነው የበላሽው ልጄ?» አሉኝ። እማማ ትንሽ ራቅ ብላለች። ማንም አልተቆጣኝም፤ ማንም አላስገደደኝም። ነጠላዬ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። «ሰጥተውኝ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ አልፈራሁም ነበር።