ቁልቁለት የበላው አስር ክንድ

ትናንት የልጅ ልጄ ሰዓዳ የሒሳብ ደብተሯን መደቡ ላይ ወረወረችው። «ሰውየው ማማ ላይ ቆሞ ቁልቁል ጀልባ ያያል፤ ጀልባዋ ምን ያህል ትርቃለች? እዚህ መካነ ሰላም ጀልባ ምን ያደርግልኛል እማማ?» አለችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ያንን ማዕዘን ግን አውቀዋለሁ፤ መሬት አስመልሶልኛል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት አልፎ መሬት ሲደለደል ለሴትም ድርሻ ይድረሳት ተባለ። ባሌን ፈትቼ ልጅ አዝዬ የምኖር የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ። ኮሚቴው በገመድ ይለካል፤ ርዝመቱ ለሁሉም ሃምሳ ክንድ። ለጎረቤቴ ለአህመድ ሜዳው ላይ ዘረጉለት። ለእኔ ግን ቁልቁለቱን አስታከው መሬት ለመሬት ጣሉት።

«ገመድ አያዳላም» አሉ ሊቀመንበሩ አባ ይመር።

«ገመዱ አያዳላም፤ አዘረጋጉ ነው የሚያዳላው!» አልኳቸው።

አህመድ ሳቀ። «ወላሂ ይች ሴት ዳገቱንም እንደ ባሏ ልትፈታው ነው!»

እንደተበደልኩ አውቃለሁ፤ ማስረዳቱ ነው ያቃተኝ። አጨዳ አልቆ መንገዱ ሁሉ አቧራና ገለባ ነበር። የሽምብራ ቆሎ ቋጥሬ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ወረድኩ። የሒሳብ አስተማሪዋ መምህርት አስቴር በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አትበልጥም። ቆሎዬን እየቆረጠመች ሰማችኝ፤ አልሳቀችም። ቅዳሜ በእግሯ መጣች።

ዘንግ በዓይኗ ቁመት ልክ አስቆርጣ አስያዘችኝና እታች አቆመችኝ። እሷ እላይ ሆና፣ ክርና ጠጠር ባንጠለጠለችበት ፕሮትራክተር በሚሉት ማዕዘን መለኪያ የዘንጌን ጫፍ አየች። ክሩ ዓይኗ ከአግድሙ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይናገራል አለች፤ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ። አቧራው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለች፤ ያዘመመው መስመር ገመዱ፣ የተጋደመው መስመር እውነተኛው መሬት። መጽሐፏ ጀርባ ካለው ሠንጠረዥ ቁጥር ፈልጋ አባዛች።

«አርባ ክንድ ነው። አስሩን ቁልቁለቱ በልቶታል። ጤፍ ቀጥ ብሎ እንጂ ከቁልቁለቱ ጋር አዝምሞ አይበቅልም፤ የሚቆጠረው የተጋደመው መስመር ነው።»

«መጽሐፍሽ አርሶ ያውቃል?» አሉ አባ ይመር።

«እንግዲያው አንቱ ራስዎ ይለኩት» አለች፣ ሳትቆጣ። ገመዱን ሳያዘምም በአየር ላይ ጥቂት ጥቂት እየወጠሩ፣ ከጫፉ ጠጠር እየጣሉ፣ ጠጠሩ ካረፈበት እየጀመሩ እንዲወርዱ አሳየቻቸው። ሰው ሁሉ አብሮ ቆጠረ። እታች እኔ ዘንድ ሲደርሱ አባ ይመር ገመዱን ቁልቁል አዩት።

«አርባ» አሉ ቀስ ብለው።

ኮሚቴው ለማካካሻ ያገኛት ትርፍ ሜዳ ትንሽ ናት፤ ለእኔ ጉድለት ብቻ ልክ ነች። የአህመድ እናት ድርሻም ከእኔው ጎን፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። ዝም ብል ማንም አያነሳውም ነበር፤ አህመድም ከሳቀብኝ በኋላ የእናቱን ለማንሳት ያፍራል። ልቤ አመነታ፤ አልዋሽም።

«የእናቱም ይለካ» አልኩ።

መምህርቷ ቀና ብላ አየችኝ። አህመድ መጥቶ ዘንጉን ከእጄ ተቀበለና ለእናቱ ቆመ፤ የእሷም አስር ክንድ ጎደለ። ሜዳይቱን ለሁለት ተካፈልን፤ ከአስሩ ክንድ አምስቱ ተመለሰልኝ።

አስቴር በዓመቱ ተዛወረች፤ ዳግም አላየኋትም። ከጮኹልኝም ካዘኑልኝም ሰዎች ይልቅ እሷን አስባለሁ። እኔ በጩኸት ያልቻልኩትን በክርና በጠጠር ቻለችው፤ ያሸነፈችውንም ሰው አላዋረደችም።

ሰዓዳ ደብተሯን አነሳች። «ታዲያ ጀልባዋስ?»

«ጀልባዋን ተያት» አልኳት። «ነገ ፕሮትራክተርሽን ይዘሽ አፋፉ ላይ ቁሚ። ዘንጉን እኔ እይዝልሻለሁ።»