በሶ በበረዶ

ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው ጥግ፣ ከደጄ ፊት ለፊት፣ አንዲት ልጅ በሶ በበረዶ በጥብጣ ትሸጣለች። ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር ነው። የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ብርጭቆዎቿ ግን ሁልጊዜ ያበራሉ።

"በሶው ካልተለመደልኝ ባሕሩን ተሻግሬ የመን ልሄድ ነው፣ እማማ" ብላኛለች።

እንደ ሌሎቹ ሻጮች አትጣራም። ራሷ አንድ ብርጭቆ ትጠጣና ዓይኗን ጨፍና "እፎይ!" ትላለች።

ትናንት አንድ የታክሲ ሾፌር ቆሞ አያት።

"ይቅርብህ ወንድሜ" አለችው በምትኮላተፍበት ሶማሊኛ። "የደጋ ሰው መጠጥ ነው፤ አንተ አትችለውም።"

"እኔ? ቅጂ!" አለና ጨልጦ ጓደኞቹን ጠራ።

የበሶው ጀሪካን ባዶ ሲሆን "ነገም አለሽ?" አላት።

እኔም መልሷን ለመስማት ወደ በሬ መጋረጃ ጠጋ አልኩ።

"አለሁ፤ ካረፈድክ ግን ጓደኞችህ ይጨርሱብሃል!"