ለጥሩ ቀን ያስቀመጥኩት የላንጌ ወይን

ዛሬ ልጄ የጠርሙሱን ቡሽ ስትነቅለው ሳሎኑን የኮምጣጤ ሽታ ሞላው።

ወይኑን ያመጣው ሟቹ ባለቤቴ ነበር። ውጭ አገር፣ ሆግቭሊት በሚባል ሰፈር ስንኖር፣ አብሮት የሚሠራ ጣሊያናዊ ጡረታ ሲወጣ ከአገሩ አስመጥቶ ሰጠው። ቤት እንደገባ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ነይ፣ ዛሬውኑ እንቅመሰው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ላንጌ ከሚባሉት የጣሊያን ኮረብታዎች የሚመጣ ወይን በቆየ ቁጥር እንደሚጣፍጥ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ አንብቤ ነበር። "ተው፣ ይቆይ! ልጅቷ ስትመረቅ ይከፈታል" አልኩት።

"መጽሐፍሽ ካለማ ማን ይከራከርሻል!" ብሎ እየሳቀ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባው።

ምርቃቷን ሳያይ ሞተ። ከዚያ በኋላ እኔም ልከፍተው አልሆነልኝም።

ዛሬ ልጄ ስልኳን ከፍታ አነበበችልኝ። ላንጌ ሰፊ ስም ነው፤ ከብዙ ዓይነት የወይን ፍሬ የተጠመቀ በዚሁ ስም ይሸጣል። ኔቢዮሎ የሚባለው ዓመታት ይታገሣል። የኛው ግን ዶልቼቶ ከሚባለው ፍሬ የተሠራ፣ ቶሎ የሚጠጣ ነው።

"እማዬ፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል እኮ! አላየሽውም?"

አይቼዋለሁ። የባለ እርሻው ስም መስሎኝ ነበር።

"በይ፣ ለሰላጣ ይሆነናል" አለችኝ፤ እንዳላለቅስ ብላ ነው።

መጽሐፉ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ግማሹን አንብቤ አዋቂ የሆንኩት። ያን ምሽት አንድ ብርጭቆ ይዤ አጠገቡ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

እናንተስ፣ ለጥሩ ቀን ብላችሁ አስቀምጣችሁት የቀረባችሁ ነገር አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መቆጨት ከብዶኛል።